ልዑልቃል ያጸዳቸው አርባ ስምንት ጋላክሲዎች

አልፏል። ሦስት ፈታኞች አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ ካፋጠጡ በኋላ፣ ጥቂት የፊደል ግድፈት ይታረም ብለው አሳልፈዋል፤ ያውም «በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት ሰጥተው። ስልኩ የተደወለልኝ ትናንት ረፋድ ላይ ነው። ወረቀት ተቀርቅሮብኝ ግማሽ ክንዴ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ስለነበር በግራ እጄ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ የነበረውን የሥራ ቀን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። የልደት ሰርተፊኬቱን ኮፒ ሊያስደርግ ለመጣ ሰው ገልብጬ እያስገባሁ ሁለት ጊዜ ባዶ ወረቀት ሰጥቼዋለሁ፤ እሱም ምስኪን ሁለቱንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ያለፈው የመምህርት ዕፀገነት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ዕፀገነት እዚሁ ቦንጋ ፊዚክስ የምታስተምር፣ ከደብረ ብርሃን የመጣች ልጅ ናት፤ በየክረምቱ እየሄደች ስትማር የቆየችው ደግሞ ስለ ጋላክሲዎች ነው። ምሥራቹ የእሷ ነው። እኔ ግን ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለ ጎረቤቴ ስለ ልዑልቃል ልጽፍ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ጽሑፍ ሰኔ ላይ ማለፍ ሲገባው ኅዳር ላይ ያለፈው በእሱ ጥፋት ነው። በእሱ ብቻም አይደለም። በእኔም ነው። ወደ ታች ደብቄ እንዳልጽፈው ብዬ አሁኑኑ ተናግሬዋለሁ።

ልዑልቃልና እኔ አንድ ግድግዳ ተጋርተን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል፤ በዚህ በኩል የእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት፣ በዚያ በኩል የእሱ ፎቶ ቤት። ግድግዳው ስስ ጣውላ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ እላለሁ። እዚሁ አቅራቢያ ያለችው የዋጫ ከተማ ልጅ ነው። በሃያ ዓመቱ ለአንድ ማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ቦንጋ መጣ፤ ያኔ ከተማው ውስጥ የታወቁት ፎቶ አንሺ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ልዑልቃል ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ግንባሩ ላይ ያተረፈው ጠባሳ ነበረው። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ ጠባሳው የለም። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ኔጌቲቩን በቀጭን እርሳስ ነክተው አጥፍተውታል። «ግንባሬን ዳበስኩት፤ ጠባሳው አለ» ይላል ራሱ ሲያወራ። «ፎቶውን አየሁት፤ የለም። ማመልከቻውን እዚያው ረሳሁት።» ተቀጠረ። ሽማግሌው ሲያርፉ ቤቱን ተረከበ።

እርሳሱ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣም እጁ ያው ነው። ብጉር ያነሳል፣ ማድያት ያጠፋል፣ የተጣመመ አንገት ያቃናል፣ የተጨፈነ ዓይን ይከፍታል። ሳውዲ ያለችን ልጅ ቦንጋ ካለች እናቷ ጎን አቁሞ፣ ጥላዋ እንኳ በትክክለኛው በኩል እንዲወድቅ አድርጎ ሰጥቷል። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ጥቁር ኮት አለችው፤ ከቢታ ገነት እስከ ዋጫ መታወቂያ ካለው ወንድ ግማሹ በፎቶው ላይ የለበሰው ያቺኑ ኮት ነው።

አሁን አንድ ልማዳችንን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። እኛ ጋ ፎቶ ቤት ገብቶ «አሳምርልኝ» የሚል ሰው የለም፤ ነውር ነው። ሁሉም የሚለው «እንዳለ ይሁን» ነው። «እንዳለ» ያለውን ሰው ግን እንዳለ ብትሰጡት ይቀየማችኋል። መሬት አስተዳደር ይሠራ የነበረ አቶ አምባው የሚባል ሰው «እንዳለ፣ ምንም እንዳትነካ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆ ሄደ። ልዑልቃል ያኔ ገና ጀማሪ ነበርና ቃሉን አክብሮ ከነማድያቱ አትሞ ሰጠው።

«ይሄ ማነው?» አለ አምባው።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔን የምታውቀኝ እንደዚህ ነው?» ብሎ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ፤ ከቦንጋ እስኪዛወር ድረስም ሰላም አላለውም። ከዚያ ወዲህ ልዑልቃል «እንዳለ» የሚለውን ቃል የሚሰማው «ደህና ነኝ» እንደሚባለው አድርጎ ነው። ሰው ደህና ባይሆንም ይለዋል።

መጋቢት ላይ ዕፀገነት ፍላሽ ይዛ መጣች። የላፕቶፗ ስክሪን ወድቆ ግማሹ ጠቁሮባታል፤ ለጥናቷ ደግሞ ሦስት ሰዎች ሥዕሎቹን ቁጭ ብለው በዓይናቸው እንዲያዩላት ስለፈለገች፣ በወረቀት ማሳተም ነበረባት።

«አርባ ስምንት ናቸው ጋሽ ልዑልቃል። እንዳለ ይታተሙልኝ።»

«እንዳለ» አለ እሱ፤ ፈገግ ማለቱ ከድምፁ ይታወቃል።

«ምንም ሳይነኩ ማለቴ ነው።»

«ገባኝ ልጄ፣ አታስቢ።»

ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ገበያ ቀዝቅዞብኝ የሚሠራውን ላይ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ በጥቁር መሃል የተዘረጋ ሰፊ የብርሃን ክብ አለ። በክቡ ውስጥ እንደ በትር ያለ ብርሃን ተጋድሟል፤ በትሩ መሃል ላይ እንደ እንቁላል አስኳል የሚያበራ ቢጫ ነገር ተቀምጧል። አስኳሉን ዙሪያውን ጥቃቅን ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከበውታል። በበትሩ ላይ ደግሞ ቡናማ ጭረት የሚመስሉ መስመሮች ወርደዋል።

«እያት እስቲ ይቺን» አለኝ። «ምን የመሰለች ልጅ ሽፍታ ወጥቶባት።»

«ካሜራው ይሆናላ የቆሸሸው።»

«ሌንሱ ላይ አቧራ አለ። እነዚህ ፈረንጆች ውድ ካሜራ ይገዙና መወልወል አይወዱም።»

«እና ምን ልታደርጋት ነው?»

«ለትምህርቷ እኮ ነው ብርቄ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆማ የምታሳየው ነው። እንዲህ ሆና ትሂድ?»

«ምንም ሳይነኩ» ስትል ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «ልጅቷ አትንካ ብላሃለች» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን «ጥረግላት» አልኩት። አልፌም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እዚህ ጋ አንዷ አምልጣሃለች» እያልኩ በጣቴ ማሳየት ጀመርኩ። ደስ ይል ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አንድ ነጠብጣብ በጠፋ ቁጥር ፊት እያጠብን ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ቀን ፈጀበት። ዘንበል ያሉትን አቃና። ከጎናቸው የታዩ ሁለት ነበሩ፤ መሃላቸው ወገቡ ገባ ብሎ የኦቾሎኒ ቅርፊት ይመስላል። «ጉንጫቸው ገብቷል» ብሎ ሞላላቸው። ሲጨርስ አርባ ስምንቱም ጤነኛ፣ ወርቃማ፣ ፊተ ክብ እህትማማቾች ሆኑ። ዕፀገነት ስትረከብ «እንዴት ያምራሉ» አለች። እሷም ቀድማ አላየቻቸውም፤ ዓይኔ እንዳያደላ ብላ ከዝርዝር ላይ በቁጥራቸው ብቻ ነበር ያወረደቻቸው።

ተመልካቾቹ ፊዚክስ የማያውቁ፣ ዓይናቸው ግን የሠለጠነ እንዲሆኑ ነበር የፈለገችው። አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴው ሰላሐዲን፤ ሦስተኛዋ የቤት አከራይዋ እትዬ ፀዳለ። ለእያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ነገር እንሞላለን፦ የመሃሉ ቅርጽ ክብ ነው፣ ሳጥን ነው፣ ኦቾሎኒ ነው ወይስ ቀለበት? ቀለሙስ ቢጫ ነው፣ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ? እኔ ሽፍታውን በዓይኔ አይቼ፣ በጣቴም አሳይቼ የነበርኩት ሴትዮ ቁጭ ብዬ «ክብ፣ ቢጫ፤ ክብ፣ ቢጫ» እያልኩ አርባ ስምንት ጊዜ ሞላሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነዋ።

ሰላሐዲን ብቻ ነው ያልተዋጠለት። «እነዚህ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ናቸው» አለ።

«ያዩትን ብቻ ይጻፉ ጋሽ ሰላሐዲን» አለችው።

«ያየሁትንማ ጻፍኩ። ግን አርባ ስምንት ቦታ የተሸመነ ጨርቅ እንዲህ አንድ ዓይነት ቀለም አይወጣውም። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ።»

ሁላችንም ሞልተን ካስረከብን ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አሁን ብነግራችሁ ችግር የለውም ብላ እኔ ቤት ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ልዑልቃልም መጥቶ በሩን ተደግፎ ይሰማል። በትሩ ጋዙን ከዳር ሰብስቦ ወደ መሃል ያወርደዋል አለች። መሃል ሲደርስ ቀለበት ሠርቶ ይከማቻል፤ ከዚያ ውስጥ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። በጣም የሚሞቁት አራስ ልጆች ሰማያዊ ናቸው፤ ያረጁት ቢጫና ቀይ።

«እኛ ጋ እኮ የሚያቃጥለው ቀዩ ነው» አላት ሰላሐዲን።

«የቡታ ጋዝ ነበልባል ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ፍሙስ?»

«ቀይ… እሺ፣ አሸነፍሽኝ።»

እኔ ግን የማየው የልዑልቃልን ፊት ነበር። ቀለሙ ሲሄድ አየሁት። ዕፀገነት በትሩ ላይ የሚወርዱት ቡናማ መስመሮች ጋዙ የሚሄድበት የአቧራ መንገድ እንደሆኑ፣ ያ ኦቾሎኒ መሳዩም በትሩ ራሱ ከጎኑ ሲታይ እንደሆነ እየነገረችን ነው። «የእናንተ ውጤት የሚገርም ነው» አለች። «አንድም ሰማያዊ አላገኛችሁም። ለአማካሪዬ ልኬዋለሁ።»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ልዑልቃል በሩ ላይ ቀረ።

«ብርቄ፣ ስንት ጠረግን?»

«ጠረግን» አለ፤ «ጠረግኩ» አላለም። ልክ ነው።

«ሦስት መቶ ይሆናል» አልኩ።

«አራት መቶ።»

በድብቅ እንደገና አትመን እንለውጥ አለ። ውጤቱ ተልኳል፣ ብንለውጠው ይባስ ይጋጫል አልኩ። እንንገራት አለ። ቆይ፣ ምናልባት ማንም አያስተውለው ይሆናል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ሠላሳ ዓመት ያካበተው ስም አሳስቶት እሺ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ዝም አልን። በእነዚያ ቀናት በግድግዳው በኩል አንድም ጊዜ ሲያፏጭ አልሰማሁትም። የአንዲት ሙሽራን ብጉር መንካት ፈርቶ እንዳለ ቢተወው፣ የሙሽራዋ አክስቶች ተሰብስበው መጡበት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዕፀገነት እኔ ቤት ገብታ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። «እትዬ ብርቄ፣ ሦስት ኮፒ።»

ማሽኑ ላይ ሳስቀምጠው አነበብኩት። ትምህርቷን ለማቋረጥ የጻፈችው ማመልከቻ ነው። ቀና ስል ዓይኗ አብጧል። አማካሪዋ መልስ ጽፎላታል፦ ከአርባ ስምንቱ አንድም ሰማያዊ ቀለበት መጥፋቱ ሊሆን አይችልም፤ ወይ ሥዕሎቹን አላየሽም ወይ ውጤቱን ከራስሽ ፈጥረሻል።

«ውሸታም ብሎኛል» አለች። «ማስረጃ የለኝም። የማቀርበው ነገር የለኝም እትዬ ብርቄ።»

እኔም ኮፒ አደረግኩላት። እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይህን ነው። የምናገረውን ይዤ፣ አፌን ዘግቼ፣ ሦስቱንም ኮፒ አደረግኩላት፤ ጠርዛቸውንም አስተካክዬ ሰጠኋት።

የልዑልቃል በር ሲዘጋ የሰማሁት ያኔ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቤቱን ሲዘጋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። በረንዳው ላይ ደረሰባት።

«ልጄ፣ ያንን ወረቀት አትላኪው።»

«ጋሽ ልዑልቃል፣ ደህና ነዎት?»

«ሰማያዊዎቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።»

«የትኞቹን?»

«ሽፍታ መስለውኝ።»

«ስንቱ ላይ?»

«አርባ ስምንቱንም ነክቻለሁ፤ አራት መቶ ያህል ነጠብጣብ ጠርጌያለሁ። ነጠብጣብ ባልነበረበት መስመሩን አጥፍቻለሁ፤ መስመርም ባልነበረበት መሃሉን አለስልሻለሁ።»

«እንዳለ ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኛል።»

እኔም ወጣሁ። «ስትይው ሰምቻለሁ» አልኩ። «አጠገቡ ቁጭ ብዬም አሳየው ነበር።»

የእኔ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እኛ ቆመናል። መንገደኛው ያየናል፤ የማያውቅ ሰው ልጅቷን የምንቆጣት ይመስለዋል። «አራት መቶ አራስ» አለች። «እናንተ ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ቅማል ለቅማችሁ ጣላችሁብኝ።» አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሽማግሌ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር፤ ግን መልስ የሚሰጥበት ሰዓት አልነበረም።

ከዚያ «ያልተነኩት አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አሉ። በሌላ ፎልደር አስቀምጫቸዋለሁ።»

ማመልከቻዎቹን ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። አልቀደደቻቸውም፤ ገና አላመነችንም ነበር።

ነገሩን ስትጽፍለት አማካሪዋ፣ የማምነው ፎቶ አንሺው ከእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ያጠፋውን በጽሑፍ አስፍሮ ሲፈርም ነው አለ፤ ያውም ኦሪጅናሉን ሳያይ፣ ከትዝታው። ልዑልቃል ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል፤ እኔ እተይባለሁ። «ቁጥር ሰባት፦ ከመሃሉ ዙሪያ አሥራ አንድ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ በበትሩ ላይ ሁለት ቡናማ መስመር፤ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለችውን አቃንቻለሁ።» እንዲህ እያለ እስከ አርባ ስምንት። የነካውን ፊት አይረሳም። ከኦሪጅናሉ ጋር ሲመሳከር የተሳሳተው ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። አማካሪው «መግለጫው ግልጽ ነው» ብሎ ጻፈ። የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ ያቺን «ግልጽ» የምትል ቃል ደጋግሜ አንብቤያታለሁ፤ ዛሬ ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትም ከእሷ ወዲህ ነው።

እንደገና ስናትም ልዑልቃል ማውዙን አልይዝም አለ። «እጄን አላምነውም፤ አንቺ ተጫኚው።» እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ፤ አርባ ስምንት ጊዜ የተጫንኩት እኔ ነኝ። እኛ ከተመልካችነት ተባረን ሁለት ነርሶችና አንድ አናጢ ተተኩ። አሥራ ዘጠኙ መሃላቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት አላቸው። ስምንቱ ሳጥን ወይም ኦቾሎኒ ናቸው። የቀሩት ሃያ አንዱ ክብ ናቸው፣ ቢጫ ወይም ቀይ፤ ከእነሱም ውስጥ ሦስቱ የቀሉት አርጅተው ሳይሆን አቧራ ሸፍኗቸው እንደሆነ ዕፀገነት በሌላ መንገድ ለክታ አሳየች። ሰላሐዲን ይህን ሲሰማ «ከአንድ ጣቃ ናቸው አላልኩም?» እያለ ሁለት ቀን ሙሉ ፎከረብን።

ግን ሰኔ አለፈ። ዲግሪውን ሰኔ ላይ ብትይዝ ኖሮ በክረምቱ ዝውውር ደብረ ብርሃን ትገባ ነበር፤ እናቷ እዚያ ብቻቸውን ናቸው፣ እግራቸውንም ያማቸዋል። አሁን የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ አለባት። እሷ ይህን አንድም ቀን በፊታችን አንስታው አታውቅም። ልዑልቃል ግን ያውቀዋል። «ስሜን ጻፊው» ብሎ የለመናትም እሱ ነው፤ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ሥዕሎቹን ማን እንደነካቸው በሙሉ ስሙ ሰፍሯል።

ትናንት ስልኩን ዘግቼ ስሮጥ አንዲት ሴት መብራት ስር አስቀምጦ አገጯን ቀና እያደረገ ነበር።

«አለፈች» አልኩት።

ፎቶውን አንስቶ ጨረሰ፤ ሴትዮዋን ሸኘ። ከዚያ እሷ በተነሳችበት በርጩማ ላይ ራሱ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት። አንዱ ፈታኝ ገጽ ሃያ ሦስትን ገልጦ «ይህ ልዑልቃል የሚባለው ማነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «የቦንጋን ሕዝብ በሙሉ ያለ ብጉር ያስቀረ ሰው ነው» ብላ አዳራሹን እንዳሳቀችው ነገርኩት። እሱም ትንሽ ሳቀ።

«እናቷስ?» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ዛሬ ሲሰሙ አጠገባቸው ሰው ነበረ?»

ተነስቶ ለዕፀገነት ደውሎ የእናቷን ቁጥር ተቀበለና እዚያው ፊቴ ደወለ። «እማማ፣ ልዑልቃል እባላለሁ። ፎቶ አንሺ ነኝ። ልጅዎን አንድ ዓመት ያስቀረሁብዎ እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰማ። አራት ጊዜ «እሺ» አለ። ሲዘጋ ላብ ፊቱን አጥምቆታል።

«ምን አሉህ?»

«‹ዓመቱን ከየት ታመጣዋለህ፤ ይልቅ ስትመለስ ልጄን ምሳ አብላት፤ ከስታለች ይሉኛል› አሉኝ።» ዝም አለ። «አንድ ምሳ አይደለም፤ ክረምት እስኪገባ በየእሑዱ አበላታለሁ። ግን ብርቄ፣ እሱም ያው ዓመቱ አይደለም።»

አይደለም። እኔም አውቃለሁ።

ዕፀገነት እሑድ ትገባለች፤ የመጀመሪያው ምሳ ያኔ ነው፤ ዶሮው የእኔ ድርሻ ነው። ለእትዬ ፀዳለ ትናንት ማታ ነግሬያታለሁ። ሰላሐዲን ግን እስካሁን አልሰማም፤ ጨርቅ ይዞ ቢታ ገነት ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው፣ ስልኩም አይሠራም። አሁን ይህን ስጽፍ የቢታ ገነት መኪና በበሬ ፊት አልፎ ወደ መነኻሪያ ታጥፏል፤ ከላዩ የተጫነውን የጨርቅ እስር አይቻለሁ። እትዬ ፀዳለ ደግሞ ዛሬ ገበያ ወጥታለች፤ መንገዷ በመነኻሪያው በኩል ነው። ሱቁን ለልዑልቃል አደራ ብያለሁ፤ ምሥራቹን ለሰላሐዲን ነግራ ሳትቀድመኝ ልሂድ።